ጭረት ሚጥሚጣ አይደለችም

ዛሬ ልከራከር ነው የመጣሁት። ጉዳዩ ሲያዩት ኢምንት ነው፤ በሁለት ቃላት መካከል ስለምትገባው አጭር አግድም መስመር ነው። ጭረት። ሰረዝ የምትሏት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የሚባሉ ሌሎች ምልክቶች እያሉን ግን ስም ማደበላለቅ አያስፈልግም፤ ጭረት እንበላት።

ጠቤ ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው ወገን ሁለት ቃል ተጠጋግቶ ካየ መሀሉ ላይ ጭረት ሳይጥል አያድርም። እንግሊዝኛ ይሁን አማርኛ ግድ የለውም፤ ጥሬ ሥጋ ላይ ሚጥሚጣ እንደሚነሰንስ ሰው ይነሰንሳታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ “ኧረ ተወና፣ መስመር ናት፤ ብትኖር ባትኖር ምን ለውጥ አላት?” ባይ ነው። የመጀመሪያው የልጆችን ማርክ ይቆርጣል። ሁለተኛው ልጆቹ የፈተና ጥያቄ አንብበው እንዳይገባቸው ያደርጋል። ሁለቱም የረሱት አንድ ነገር ነው፤ ጭረት ሥራ አላት። ሥራ ባለበት ትገባለች፤ ሥራውን ሌላ ነገር ከሠራላት አትገባም።

ይሄን ሁሉ ያስነሳኝ ምን መሰላችሁ? ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የታናሽ ወንድሟን ሁለት የፈተና ወረቀቶች በቴሌግራም ላከችልኝ። “ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ” ብላ። እንግሊዝኛው ላይ ልጁ “ማይ ሲስተር ኢዝ ቴን ይርስ ኦልድ” ብሎ ጽፏል። ልክ ነው። መምህሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ “ቴን-ይርስ-ኦልድ” ብሎ ሁለት ጭረት ሰክቶ ግማሽ ማርክ ቀንሶበታል። አማርኛው ላይ ደግሞ “ሥነ ጽሑፍ”፣ “ቤተ መጻሕፍት” እና “ትምህርት ቤት” የሚሉት ሦስቱም ተሰምሮባቸው፣ ጎናቸው “ጭረት!” ተብሎ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሄዷል። ድምሩ 2 ማርክ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ስላልሆነም ነው። አራት ቦታ ላይ ልክ የጻፈ ልጅ አራት ጊዜ ተቀጣ። ይሄ ነው ያናደደኝ።

ከእንግሊዝኛው ልጀምር፤ ነገሩ ከዚያ ነው የተቀዳው።

እንግሊዝኛ ቃላትን ከስም ፊት እንደ ብሎኬት የሚደረድር ቋንቋ ነው። እኛ “የ” እና “ባለ” ብለን የምናያይዘውን እሱ ዝም ብሎ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ታዲያ ሦስት ቃል ሲደረደር አንባቢው “መሀለኛው ከግራው ነው ወይስ ከቀኙ?” ብሎ ይቸገራል። የጭረት ዋና ሥራ ለዚህች ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

“ማን-ኢቲንግ ሻርክ” ሲባል ሰው የሚበላ ሻርክ ነው። ጭረቷን አውጧትና “ማን ኢቲንግ ሻርክ” በሉት፤ አንድ ሰውዬ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሻርክ እየበላ ነው። (እኛ ጋ ይህ ችግር የለም። “ሰው በላ ጅብ” እና “ጅብ ሰው በላ” የሚምታታበት ሰው አላየሁም፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል ሥራውን ጨርሶታል። ይቺን ያዙልኝ።)

ወይም “ዊ ኒድ ሞር ኳሊፋይድ ቲቸርስ” የሚለውን እንይ። ያለ ጭረት ሲነበብ ብቁ መምህራን አሉ፣ ቁጥራቸው ይጨመር ማለት ሊሆን ይችላል። “ሞር-ኳሊፋይድ” ብላችሁ ካያያዛችሁት ግን አሁን ካሉት የተሻለ ብቃት ያላቸው ይምጡ ማለት ነው። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ። ያለ ጭረት ሲሆን ስታፍ ውስጥ ጓደኛ ሊጨመርልኝ ነው፤ በጭረት ሲሆን ዕቃዬን ልጠቅልል ነው። ምን ለውጥ አላት የምትሉ ሰዎች፣ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ናት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሚከተለው ነው። “ቱ ሃንድረድ-ኪሎግራም ብሎክስ” ማለት ሁለት ብሎኮች፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ። “ቱ-ሃንድረድ-ኪሎግራም ብሎክስ” ማለት ደግሞ ስንት እንደሆኑ ያልተነገረ ብሎኮች፣ እያንዳንዳቸው 200 ኪሎ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ጭረት ናት። አንዱን ብሎክ በሴኮንድ ስኩዌር 3 ሜትር ለማፍጠን ስንት ኒውተን ያስፈልጋል ቢባል፣ በመጀመሪያው 300፣ በሁለተኛው 600 ይመጣል። ተንኮለኛ ፈተና አውጪ ሁለቱንም ምርጫ ውስጥ ያስገባቸዋል። በአሃዝ ሲጻፍ ችግሩ ይቀላል፤ በፊደል የተጻፈ ጊዜ ግን የኒውተንን ሕግ አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ በጭረት ይወድቃል። ማንም ደግሞ በጭረት እንደወደቀ አይነግረውም፤ “ፊዚክስ አይገባህም” ነው የሚባለው።

እንግዲህ ይህ ሥራ የሚኖረው በአብዛኛው ከስም ፊት ሲሆን ነው። “ኤ ዌል-ኖውን ራይተር” ትያያዛለች። “ዘ ራይተር ኢዝ ዌል ኖውን” ሲሆን ከኋላ የሚጠብቅ ስም ስለሌለ የሚምታታ ነገር የለም፤ ትፈታለች። የዚያ ልጅ “ቴን ይርስ ኦልድ” እዚህ ነው የሚገባው። ከስም ፊት ቢሆን ኖሮ “ኤ ቴን-ይር-ኦልድ ገርል” ይል ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ “ይርስ” ላይ ያለችው “ኤስ” ትወድቃለች። የእኔ ተማሪዎች የነበራችሁ ይህቺን “ኤስ” ስንት ጊዜ እንደጮህኩባት ታስታውሳላችሁ። ያ መምህር ጭረቷን ከአንዱ ወስዶ፣ “ኤሷን” ከሌላው አስቀርቶ፣ የትም የሌለ እንግሊዝኛ ሠርቶ ነው ለልጁ “ያረመለት”።

አሁን የምነግራችሁ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው። “ኤ ኒውሊ ቢልት ስኩል”፤ በቅርቡ የተሠራ ትምህርት ቤት። ሁለት ገላጭ ቃላት ናቸው፣ ከስም ፊት ነው የቆሙት፤ በሕጉ መሠረት ጭረት የምትገባበት ቦታ ነው። የታወቁት የአጻጻፍ መመሪያዎች ግን እዚህ አታስገቡ ይላሉ። ለምን? “ኒውሊ” ጭራ ላይ ያለችው “ሊ” ራሷ “እኔ የምገልጸው ቀጥሎ ያለውን ቃል ነው” እያለች ስለሆነ። “ኒውሊ ስኩል” ብሎ የሚያነብ የለማ! የቃሉ ቅርጽ መያያዙን ከተናገረ ጭረት ትርፍ ናት። ይህንንም ያዙልኝ፤ ወደ አማርኛው ስንሻገር ያስፈልገናል።

“ጥምር ቃል ሁሉ ጭረት ይፈልጋል” የሚል ሕግ እንግሊዝኛ ውስጥ የለም። “ክላስሩም” አንድ ቃል ነው። “ሃይ ስኩል” ሁለት ቃል ሆኖ ይኖራል፤ “ሃይ ስኩል ቲቸር” ሲባልም ብዙዎች አያያይዙትም፤ ምክንያቱም “ሃይ” የሆነው መምህሩ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። (አንዳንድ ተማሪዎቼ ይጠረጥሩ ይሆናል።) “ማዘር-ኢን-ሎው” በጭረት ነው፤ ከ21 እስከ 99 ያሉ ሁለት ቃል የሚሆኑ ቁጥሮችም በፊደል ሲጻፉ እንዲሁ። እነዚህ በልምድ የረጉ ናቸው፤ ልምድ ደግሞ ይለወጣል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ “ቱዴይ” “ቱ-ዴይ” ተብሎ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ወደ 16,000 ከሚጠጉ ቃላት ላይ ጭረት አነሳ፤ “አይስ ክሪም” እና “ቴስት ቲዩብ” ሁለት ሁለት ቃል ሆኑ፣ “ክራይቤቢ” አንድ ቃል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሶሽየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ “ኢ-ሜይል” የነበረውን ወደ “ኢሜይል” ቀየረ። ባለቤቶቹ ጭረታቸውን ከቤት አውጥተው ሲጥሉ እኛ ከደጃፋቸው እየለቀምን ወደ አማርኛ እናስገባለን።

እናስገባለን ስል እያጋነንኩ አይደለም። “ሥነ-ጽሑፍ”፣ “ቤተ-መጻሕፍት”፣ “ሕገ-መንግሥት”፣ “ርእሰ-መምህር”፣ “ዓረፍተ-ነገር”። ይባስ ብሎ “ሥርዓተ-ነጥብ”! ምልክት በቦታው አስቀምጡ ብሎ የሚያስተምረው ርእስ ራሱ ሥራ ፈት ምልክት ተሸክሞ ይመጣል።

እስቲ ቃሉን ተመልከቱት። “ቤት” ነበር። “መንግሥት” የሚለውን ሊያስጠጋ ሲል “ቤተ” ሆነ። በሳድስ ያልቅ የነበረው “ት” ግዕዝ ወደሚባለው ወደ መጀመሪያው ፊደል ሄዶ “ተ” ሆነ። ይህ ከግዕዝ ቋንቋ የወረስነው ማያያዣ ነው፤ “የሚቀጥለው ቃል የእኔ ነው፣ አትለያዩን” ማለት ነው። “ትናንት ቤተ ገዛሁ” የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። “ቤተ” ብቻውን አይቆምም፤ ከተናገራችሁት ጆሮ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሕግ፣ ሕገ። መዝገብ፣ መዝገበ። ቃል፣ ቃለ። ሊቅ፣ ሊቀ። አፍ፣ አፈ። መጨረሻው ሣልስ ሲሆን ደግሞ ወደ ኃምስ ይሄዳል፤ “ጸሓፊ” የነበረው “ጸሓፌ ትእዛዝ” እንደተባለው። እንግዲህ ጭረታችን አለች፤ ከጥንትም ነበረች። ያለችው ፊደሉ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው “ኒውሊ” ላይ ጭረት ያልጨመረበት ምክንያት ሳይቀነስ ሳይጨመር “ቤተ” ላይም ይሠራል። በራሱ በእንግሊዝኛው አስተሳሰብ ብንሄድ እንኳ “ቤተ-መንግሥት” ላይ ያለችው ጭረት ትርፍ ናት።

የቤተ ክህነት ቋንቋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሆደ ሰፊ፣ ልበ ደንዳና፣ ዐይነ አፋር፣ መልከ መልካም፣ እጀ ጠባብ፤ እነዚህ የቡና ላይ ወሬ ቃላት ናቸው። “ድረ ገጽ” ደግሞ ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ የተፈጠረ ነው። “ድር” ወደ “ድረ” ሲለወጥ መያያዙን ተናግሯል። እዚያ ላይ “ድረ-ገጽ” ብሎ መጨመር የተቆለፈ በር በገመድ ማሰር ነው።

ስሞቻችንንስ አላያችሁም? ኃይለ ሥላሴ፣ ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ገብርኤል፣ ኪዳነ ማርያም። ሁሉም የተሠሩት “ቤተ መንግሥት” በተሠራበት መንገድ ነው። አያታችሁን “ገብረ-ሚካኤል” ብላችሁ በአማርኛ ጻፏቸው እስቲ። የፋብሪካ ምርት ይመስላሉ። በስም ላይ ያላስፈለገች ጭረት በ“ሥነ ጽሑፍ” ላይ ምን ልትሠራ መጣች? ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ሠርተው ሲያልፉ “መዝገበ-ቃላት” ማለት አላስፈለጋቸውም።

የድሮዎቹ ጸሓፊዎች ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። ብራና ላይ መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን እመሀሉ ላይ ቆርጠው የተረፈውን ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩታል፤ የጭረት ምልክት አያደርጉም። ሁለት ነጥቡ ቃሉ የት እንዳለቀ ስለሚናገር አንባቢው አይደናገርም። በኋላ ታይፕራይተርና ኮምፒውተር መጥተው ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ተካነው። ባዶ ቦታው ሲሰፋብን ጊዜ ነው መሰለኝ መሀሉ ላይ ድልድይ መሥራት ያማረን።

እዚህ ላይ ለጭረት ወዳጆች አንድ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ፤ ፍርድ አላጓድልም። ሁሉም ጥምር ቃል እንደ “ቤተ” ቅርጹን አይለውጥም። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት አሉ። አንድ ሰው “ቡና ቤት አለ” ብሎ ቴክስት ቢልክላችሁ ምን ትረዳላችሁ? ቤት ውስጥ ቡና አለ፣ አትግዙ ማለት ነው? ሰውየው ቡና ቤት ተቀምጧል ማለት ነው? ወይስ እዚህ ሰፈር ቡና ቤት ይገኛል? ሦስቱም ልክ ናቸው። ባል የት እንዳለ ለምትጠይቅ ሚስት የመጀመሪያውና ሁለተኛው ልዩነታቸው ሰፊ ነው። “ምግብ ቤት ውስጥ አለ”ም እንደዚያው ነው። እንደዚህ ባለ ቦታ “ቡና-ቤት አለ” ብሎ የጻፈ ሰው አልጣላውም፤ ጭረቷ ሥራ አግኝታለች። “ቤት ውስጥ ቡና አለ” ብሎ ቃላቱን ማዟዟርም ይቻላል፤ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። “ትምህርት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል” በሚለው ውስጥ ግን ምን የሚምታታ ነገር አለና ነው “ትምህርት-ቤቱ” የሚባለው? “ቱ” መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መግባቷ ሁለቱ ቃላት አንድ ነገር መሆናቸውን እየተናገረች ነው።

“ባለ”ንም አትርሷት። ቅድም ያየነውን የፊዚክስ ብሎክ ወደ እህል ገበያ እናምጣው። “ሁለት መቶ ኪሎ ጆንያ” ብትሉ ነጋዴው ያፈጥባችኋል። “ሁለት ባለ መቶ ኪሎ ጆንያ” ስትሉ ሁለት ጆንያ፣ በየአንዳንዱ 100 ኪሎ። “ባለ ሁለት መቶ ኪሎ ጆንያ” ስትሉ 200 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ። እንግሊዝኛው ጭረቷን ባንቀሳቀሰበት ልክ እኛ “ባለ”ን አንቀሳቀስን። ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ያስረዳሁት በዚህ መንገድ ነው፤ “ባለ”ን የት እንደምታስገቡ ካወቃችሁ ጭረቷ የት እንደምትገባ ታውቃላችሁ ብዬ። ከየትኛውም የሰዋስው ሕግ የተሻለ ገብቷቸዋል።

ታዲያ በአማርኛ እንዴት እንጻፍ? ለይታችሁ “ቤተ መጻሕፍት” ብትሉ ልክ ነው። አጣብቃችሁ “ቤተመጻሕፍት” ብትሉም አልቀጣችሁም፤ “ቤተሰብ” እኮ ተጣብቆ ነው ዛሬ የሚጻፈው፣ “ባለሙያ”ና “ባለሥልጣን”ም እንዲሁ። አንዳንዱ ሲጣበቅ ትርጉሙም ይሄዳል፤ “ባለ ቤት” ቤት ያለው ነው፣ “ባለቤቴ” ግን ኪራይ ቤት ውስጥ ሆናም ባለቤቴ ናት። እኔ የምለው፣ አንዱን ምረጡና በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። “ሥነ ጽሑፍ” የሚለውን ቃል ውሰዱ። “ሥ” በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ “ጽ” በሁለት፣ “ሑ” በሦስት። 12 አጻጻፍ ሆነ። ተለይቶ፣ ተጣብቆ ወይም በጭረት ሲባል ደግሞ በሦስት ይባዛል፤ 36። አንድ ተማሪ 200 ገጽ ፋይል ከፍቶ ይህን ቃል ሲፈልግ ኮምፒውተሩ የሚያመጣለት ከ36ቱ በአንዱ የተጻፈውን ብቻ ነው። የሞክሼ ፊደላትን ጉዳይ ዛሬ አልነካም፤ ያ ሌላ ጦርነት ነው። ጭረትን ማንሳት ግን ማንንም አያጣላም፤ ከ36ቱ 12ቱን በአንድ ቀን እናስወግዳለን።

ውጭ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፤ “ስሜ ለሁለት ተሰነጠቀብኝ፣ ‘ገብረ’ የእኔ ስም፣ ‘ሚካኤል’ የአባቴ ሆኖ ተመዘገበ” የምትሉ። ትክክል ናችሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የ“ረ” ማያያዣነት ለፈረንጅ ጸሓፊ ምንም አይነግረውም። እዚያ ጭረት ሥራ አላት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፓስፖርት ግርጌ ላይ ባሉት ማሽን በሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ውስጥ ጭረት አትጻፍም፤ እንደ ባዶ ቦታ ተቆጥራ በመሙያ ምልክት ትተካለች። ስለዚህ ገና ስማችሁን የምታስመዘግቡ ከሆነ አጣብቃችሁ አንድ ቃል ማድረጉ ይሻላል። አስቀድሞ የተመዘገበ ስም ያላችሁ ግን የእኔን ፖስት አንብባችሁ ወረቀት እንዳታበላሹ አደራ፤ ከዲፕሎማዬና ከትምህርት ማስረጃዬ አይገጥምም ብላችሁ ነገ እኔን እንዳትከሱኝ።

“በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር አንተ ስለ ጭረት ትጽፋለህ?” የሚለኝ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። እጽፋለሁ። ልጆቹን የጣላቸው ጭረት ነው አልልም፤ እንደዚያ ካልኩ ቀልደኛ ነኝ። ግን ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም የሚመጣላቸው በእንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማየት ካልቻሉ የሚያውቁትንም መመለስ አይችሉም። ይህን የማየት ችሎታ ነው ማስተማር ያለብን። እኛ የምናስተምራቸው ግን “ሁለት ቃል ካየህ አያይዝ” የሚል ጥንቆላ ነው። ልጁ ለምን እንደሚያያይዝ ስላልተነገረው፣ የተያያዘ ሲያይም ምን እየተባለ እንደሆነ አይገባውም። “ቴን ይርስ ኦልድ” ላይ በግማሽ ማርክ የተቀጣው ልጅ ከዚያ ቅጣት የተማረው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ፈተና ልክ የነበረውን ማበላሸት ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ እባካችሁ። እንግሊዝኛ ላይ ጭረቷ ትርጉም ስትለውጥ ቅነሱ፤ ያለርኅራኄ ቅነሱ። መዝገበ ቃላት ራሳቸው ባልተስማሙበት ላይ ግን አትቅነሱ። አማርኛ ላይ “ቤተ መጻሕፍት” ብሎ ለይቶ የጻፈ ልጅ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት “የትኛው ሕግ ነው የተጣሰው?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። “እኛም ስንማር እንደዚያ ነው የተባልነው” መልስ አይሆንም። ለዚያች ተማሪዬ “ወንድምሽ አራቱም ላይ ልክ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ በትሕትና ያናግራቸው” ብያታለሁ። መልሱን ገና አልሰማሁም።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች፤ “ኢ”። እሷ ላይ እኛም ስታፍ ውስጥ አልተስማማንም። ከግዕዝ የመጣችው “ኢ” አፍራሽ ናት፤ ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ፣ ኢመደበኛ። አንዲት ፊደል ስለሆነች ለብቻዋ ብትቆም ትጠፋለች፤ ወይ ትጣበቅ ወይ በጭረት ትያዝ። አሁን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሌላ “ኢ” መጥታብናለች፤ የኤሌክትሮኒክሷ። ኢ-ኮሜርስ፣ ኢ-ሰርቪስ። በዚህ አያያዛችን “ኢ-ትምህርት” ቢባል በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ይሁን ትምህርት ያልሆነ ነገር ለመለየት ስልክ መደወል ያስፈልጋል። የእኔ ሐሳብ የአገራችንን “ኢ” ሁልጊዜ እናጣብቃት፣ የፈረንጇን ሁልጊዜ በጭረት እንጻፋት የሚል ነው። የአማርኛ መምህሩ ጓደኛዬ “የፈረንጇን ለምን አስገባሃት መጀመሪያ?” ይለኛል። የተሻለ ያላችሁ አምጡ፤ ምሳሌ ይዛችሁ ግን።